ዘንዶዋን ለይቶ ከጭንቀት ላወጣን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ዓመት በአርባ ምንጭ፣ ከኩልፎ ወንዝ አቅራቢያ ባለው የሙዝ ማሳችን ውስጥ ትልቅ እባብ ገብቶ ቤተሰቤ እንቅልፍ አጥቶ ሰንብቷል። ያን ጊዜ የደረሰልንን የዱር እንስሳት ባለሙያ በአደባባይ ሳላመሰግን መቅረት ስለከበደኝ ይህን ጽፌአለሁ።

መጀመሪያ ያመለከትኩበት መሥሪያ ቤት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲያመላልሰኝ ሁለት ቀን ፈጀ፤ በመጨረሻም «የእኛ ሥራ አይደለም» ተባልኩ። ቀጥሎ እባብ አውቃለሁ የሚል ሰው ገንዘባችንን ተቀብሎ፣ ከሩቅ አንድ ጊዜ አየት አድርጎ «እፉኝት ነው፣ ከነቁጥቋጦው በቤንዚን አቃጥሉት» ብሎን ሄደ። ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጄ ይህን ሰምታ ደጅ መውጣት ፈራች። ከገንዘቡ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ባለሙያው ግን በደወልንለት ዕለት ከሰዓት በኋላ በሞተር ሳይክል ደረሰ። ገጀራና ጀሪካን ይዘው የቆሙትን ጎረቤቶች በትሕትና አርቆ፣ በስልኩ ያነሣውን ፎቶ አጉልቶ አሳየን፤ በራሷ አናት ላይ የጦር ጫፍ የመሰለ ጠቆር ያለ ምልክት፣ በከንፈሯም ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ይታያሉ። «እፉኝት አይደለችም፤ ሮክ ፓይተን የምትባለው ዘንዶ ናት። መርዝ የላትም፤ የምትገድለው ተጠምጥማ በማጥበቅ ነው፤ ስለዚህ አትቅረቧት» አለን። ስለ ቅርፊቷም ብዙ አስረዳን። በጥምጥሟ መካከል ነጫጭ እንቁላሎች ሲያሳየን አባቴ የያዘውን ገጀራ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው።

ከሁሉም የማልረሳው ግን፣ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ልጄ ፊት ተንበርክኮ፣ በእንጨት ጫፍ የዘንዶዋን ራስ አፈር ላይ ሥሎ፣ «እናት ናት፤ እንቁላሎቿን እየጠበቀች ነው» ብሎ መንገሩ ነው። ልጄ በዚያ ሌሊት ተኛች።

ፍየሎቻችንን በረት እንድንዘጋ፣ ልጆችም ወደዚያ እንዳይደርሱ በእሾህ እንድናጥር መከረን፤ ሁለት ጊዜም ተመልሶ አያት። እንቁላሎቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ዘንዶዋ ማንንም ሳትነካ ሄደች። የነዳጅ ወጪውን እንኳ የተቀበለን በስንት ልመና ነው።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በአካባቢያችን የምትኖሩ ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ቤንዚን ከማምጣታችሁ በፊት እሱን አስጠሩት፤ እባካችሁ አስጠሩት። በወንዙ ዳር ያሉ የሙዝ አምራቾች በሙሉ ያውቁታል።