አልፈታ ላለ የሞተር ዘይት ፊልትሮ የቱ መፍቻ ይሻላል? ጅማ መርካቶ የሚሸጡት በአሮጌ የሣር ማጨጃ ትራክተር ላይ ሲታዩ

ጅማ መርካቶ የዕቃ ሱቅ ገብተው «ፊልትሮ መፍቻ» ሲሉ ከአራቱ አንዱን ያወጡልዎታል፦ የላሜራ ቀለበት ያለውን፣ ሰንሰለት ያለውን፣ ኩባያውን ወይም ባለ ሦስት ጣቱን። አምስተኛው፣ የጨርቅ ቀበቶ ያለው፣ ስሙን ጠርተው ካልጠየቁ ከመደርደሪያው አይወርድም። ለአሮጌ የጓሮ ትራክተር ግን ገንዘቡን የሚያወጣው እሱ ነው። ሌሎቹ ለመኪና የታሰቡ ናቸው። ትራክተሩ ላይ ፊልትሮው አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ጎን ተጋድሞ ነው የሚቀመጠው፤ ከሥሩ የሻሲው ብረት፣ ከላዩ የማቀዝቀዣው ሽፋን አለ፤ ረጅም እጀታ መዞሪያ ያጣል።

ዋጋ አልጻፍንም፤ ዛሬ የተጻፈው ለሚቀጥለው ሳምንት አይሆንም።

ፊልትሮ የሚነክሰው (አልፈታ የሚለው) በአብዛኛው ባለፈው ጊዜ ያሰረው ሰው በመፍቻ ስላጠበቀው ነው። የጎማው ቀለበት ዘይት ሳይቀባ በደረቁ ከታሰረ ደግሞ በሙቀት ብዛት ከመቀመጫው ጋር ይጣበቃል። በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ መቀየር ሲገባው ዓመታት ካለፉት የባሰ ነው። የጅማ ዝናብም የራሱን ይጨምራል፤ ጣሪያ በሌለው ቦታ የከረመ ትራክተር የፊልትሮው ቆርቆሮ ይዝጋል፣ ይሳሳል፣ መፍቻ ሲይዘው ይጨማደዳል።

ስለዚህ መፍቻው ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አስነስተው ያጥፉት። ጎማው ለብ ሲል ይለሰልሳል፤ ከዚያ በላይ ካሞቁት እጅ ይጠበሳል። የካንዴላውን ሽቦ ይንቀሉ፣ ዘይቱን ያፍስሱ፤ ባለ ሁለት ሲሊንደሮቹ በአብዛኛው ሁለት ሊትር የማይሞላ ነው የሚይዙት። የፊልትሮውን ቆርቆሮ በኦሞ ውሃ አጥበው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። በቤንዚን አይጠቡት፤ ጭስ ማውጫው እዚያው ጎኑ ነው። ቀጥሎ በፊልትሮው ጫፍ ላይ በጠመኔ ቀስት ይሳሉ፦ ከጫፉ ፊት ለፊት ሆነው ሲያዩት ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ። ከላይ አጎንብሶ ወይም ከሥር ተኝቶ የሚሠራ ሰው አቅጣጫው ይገለበጥበትና የነከሰውን ይብስ ያጠብቀዋል።

በፊልትሮው ጫፍ ላይ የሚደፋው ኩባያ ልኩ ከገጠመ ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይገጥምም። ሱቆቹ በብዛት የሚይዙት ለትናንሽ ቶዮታዎች የሚሆነውን፣ ከ65 እስከ 67 ሚሊ ሜትር ያለውን ነው። በእነዚህ ትራክተሮች ላይ በሚገኙት በብሪግስና በኮለር ሞተሮች ላይ የሚታሰሩት የተለመዱት ፊልትሮዎች ግን ወደ 76 ሚሊ ሜትር ይጠጋሉ። ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ዙሪያውን በክር ይለኩ፤ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ 74/76 የተጻፈበትን ይጠይቁ። የኩባያው ማዕዘኖች ቁጥርም ከፊልትሮው ጫፍ ማዕዘኖች ጋር እኩል መሆን አለበት። ጫፉ ሙልጭ ያለ ወይም የተጨረመተ ፊልትሮ ላይ ኩባያ አይረባም።

የላሜራ ቀለበቱ ርካሹ ነው፤ ርካሽነቱም ይታያል። ከመግዛትዎ በፊት ላሜራውን ከእጀታው ጋር የያዘውን ሪቬት በአውራ ጣት ይግፉት፤ ከአሁኑ ከተንቀሳቀሰ በመጀመሪያው ጠንካራ ፊልትሮ ይቆረጣል። ሲያስገቡት ቀለበቱ ወደ ሞተሩ መጠጋት አለበት። የፊልትሮው ወፍራም የብረት ክዳን ያለው በዚያ በኩል ስለሆነ ጉልበት ይችላል፤ መሀሉ ግን ባዶ ቆርቆሮ ነው። ከተንሸራተተ ሻካራ ፊቱ ወደ ፊልትሮው የዞረ ብርጭቆ ወረቀት ከላሜራው ሥር ይደረጋል። ጠባብ ቦታ ላይ እጀታው ትንሽ ዞሮ ሻሲውን ይመታል፤ እያወጡ እያስገቡ መሥራት ነው።

ሰንሰለቱ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል፣ የያዘውንም ይጨፈልቃል። ቁመቱ 6 ሴንቲ ሜትር የማይሞላው አጭሩ ፊልትሮ ላይ ለሰንሰለቱ ቦታ አይተርፍም። ለጭነት መኪና ይሁን።

ባለ ሦስት ጣቱን ሻጮች ያሞግሱታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በተጠመዘዘ ቁጥር ጣቶቹ እየጠበቁ ይሄዳሉ፣ እጀታውም ከጫፍ በኩል ስለሚገባ የጎን ቦታ ብዙ አይፈልግም። ነገር ግን የሚይዘው በጫፉ በኩል፣ ቆርቆሮው በሚሳሳበት ቦታ ነው። ዝገት የበላው ፊልትሮ ከሆነ ጣቶቹ ቆርቆሮውን እየጠመዘዙ ክዳኑን ባለበት ይተዉታል። ሱቅ ውስጥ ከፍተው ሲዘጉት ሦስቱም ጣቶች እኩል ካልሄዱ አይግዙት።

ቀበቶው የናይለን ጥብጣብና ግማሽ ኢንች እጀታ የሚገባበት ባለ አራት ማዕዘን ብረት ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ቆርቆሮውን ዙሪያውን እኩል ስለሚጨብጥ አይጨረምተውም፤ ልክ አይመርጥም፤ በፊልትሮውና በሻሲው መካከል የጥብጣቡ ውፍረት የሚያልፍበት ክፍተት ይበቃዋል። 25 ሴንቲ ሜትር ማራዘሚያ ሲጨመርበት እጀታው ከጠባቡ ቦታ ወጥቶ በነፃነት ይዞራል። ጥብጣቡ የሚጠመጠምበት አቅጣጫ ወሳኝ ነው፦ ብረቱ ፊልትሮው ወደሚፈታበት አቅጣጫ ሲዞር ጥብጣቡ መጥበቅ አለበት፤ ከላላ በተቃራኒው ጠምጥመውታል። ጉልበት ሲሰጡት መጀመሪያ ጥብጣቡ ይለጠጣል፣ ከዚያ ነው ፊልትሮው የሚንቀሳቀሰው፤ ስለዚህ በድንገት አይንጩት፣ ወጥረው ይያዙት። ሲገዙ ስፌቱ ድርብ መሆኑን፣ ብረቱም ድፍን መሆኑን ይዩ፤ ከስስ ቱቦ የተሠራው ይታጠፋል። ዋናው ጉድለቱ ዘይት አለመውደዱ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ጥቂት ዘይት ካለ ሙልጭ ብሎ ይወጣል።

ፊልትሮውን በካቻቢቴ በስቶ ማዞር በየጋራዡ ይሠራበታል፤ አዲሱ ፊልትሮ እጅዎ ላይ ሳይኖር ግን አይሞከርም። ልኩ ጅማ ከጠፋ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ነው የሚፈለገው፣ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ ትራክተሩ እስከዚያ በተበሳ ፊልትሮ አይነሳም። የግድ ከሆነ ከሞተሩ ራቅ አድርገው ይብሱ፤ ወደ ሞተሩ ከተጠጋ ፊልትሮው የሚታሰርበትን ባለ ጥርስ ቱቦ ያገኘዋል፣ ጥርሱ ከተበላ አዲሱም አይታሰርም። ቆርቆሮው ብዙ ጊዜ እንደ ቲማቲም ጣሳ ይቀደድና ክዳኑ ሞተሩ ላይ ይቀራል። ያኔ በክዳኑ ላይ ካሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ደነዝ መሮ አጋድመው ወደሚፈታበት አቅጣጫ በመዶሻ ቀስ ቀስ እያሉ ይምቱ፣ ቀዳዳ እየቀያየሩ። መሮው የሞተሩን መቀመጫ እንዳይነካ፤ እዚያ ላይ የተጫረ መስመር ዘይት ያንጠባጥባል።

አንዳንዴ ፊልትሮው ባለ ጥርሱን ቱቦ ይዞት ይወጣል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ የተለመደው 3/4 ኢንች፣ በኢንች 16 ጥርስ ነው። ሁለት ዳዶ ቱቦው ላይ አስገብተው እርስ በርስ ያጥብቋቸው፣ ጥርሱን ከዘይት አጽድተው በሎክታይት (የብረት ጥርስ ማጣበቂያ) ይመልሱት።

ሲያስሩ አሮጌው የጎማ ቀለበት መቀመጫው ላይ አለመቅረቱን በጣት ዳስሰው ያረጋግጡ። ሁለት ጎማ ተደራርቦ ከታሰረ ሞተሩ እንደተነሳ ዘይቱን ይረጨዋል። አዲሱን ጎማ ዘይት ይቀቡ፣ መቀመጫውን ሲነካ ሦስት አራተኛ ዙር በእጅ ይጨምሩ፣ በቃ። ዘይት ሞልተው አንድ ደቂቃ ያህል ያስነሱት፣ ዙሪያውን ይዩ፣ አጥፍተው ጥቂት ከቆዩ በኋላ በዘይት መለኪያው ያረጋግጡ። ቀበቶውን ደግሞ በኦሞ አጥበው ጥላ ላይ ያስጡት።