በፖስታ የሚመጣው የአንጀት ካንሰር መመርመሪያ፦ ከለንደን የተጻፈ ግምገማ

የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 74 ለሆኑ ሰዎች በየሁለት ዓመቱ በፖስታ የሚልከውን የአንጀት ካንሰር መመርመሪያ እስካሁን ሁለት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ክፍያ የለውም፤ ቀጠሮም አይጠይቅም። በውስጡ ያለው ክዳኑ ላይ ቀጭን ዘንግ የተያያዘበት ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ፣ የአጠቃቀም መመሪያና የመላኪያው ዋጋ የተከፈለበት መመለሻ ፖስታ ነው። ሰገራው የመጸዳጃውን ውኃ ሳይነካ በንጹሕ ዕቃ ይያዛል፤ የዘንጉ ጫፍ እስኪሸፈን ድረስ ይነካበታል፤ ከዚያ ዘንጉ ወደ ብልቃጡ ተመልሶ ይዘጋል። ናሙናው የተወሰደበት ቀን መጻፍ አለበት፤ ቀን የሌለው ናሙና አይመረመርምና።

ምርመራው የሚፈልገው በሰገራ ውስጥ ያለ ደምን ነው። ከዚህ በፊት ይሠራበት የነበረው መመርመሪያ ከሦስት የተለያዩ ሰገራዎች ናሙና የሚጠይቅ ከመሆኑም በላይ የሰውን ደም ከእንስሳ ደም አይለይም ነበር። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተተካው አዲሱ ግን የሰውን ሄሞግሎቢን (ደምን ቀይ የሚያደርገውን ፕሮቲን) ብቻ በሚያውቁ ፀረ እንግዳ አካላት ስለሚሠራ፣ በበዓል ሰሞን ክትፎና ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው ውጤቴ ይዛባል ብሎ የሚሰጋበት ምክንያት የለም። ናሙናውም አንድ ብቻ ነው። ይህ ቅለት ቀላል ነገር አይደለም፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በተደረገው ሙከራ አሮጌው ከተላከላቸው 100 ሰዎች 59 ያህሉ ሲመረመሩ፣ ከአዲሱ ተቀባዮች ግን 66 ያህሉ ተመርምረዋል።

ከዚህች ብልቃጥ ጀርባ ያለውን የምርምር ልፋት ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በኖቲንግሃም በጃክ ሃርድካስል መሪነት 150,000 ያህል ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ1996 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ በሰገራ ውስጥ ደም መፈለግ በአንጀት ካንሰር የሚሞተውን ሰው በ15 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ተመራማሪዋ ዌንዲ አትኪን ደግሞ ጥያቄውን አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ወሰደችው፦ ካንሰሩ ፖሊፕ ሳለ ቢወገድስ? አብዛኛው የአንጀት ካንሰር ፖሊፕ ከሚባለው ትንሽ እብጠት ተነሥቶ ዓመታት ወስዶ የሚያድግ ስለሆነ፣ ከ55 እስከ 64 ዓመት የሆናቸው ሰዎች የታችኛው አንጀታቸው አንድ ጊዜ ብቻ በተጣጣፊ ቱቦ እንዲታይና የተገኘው ፖሊፕ እንዲነሣ አደረገች። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንዳሳየው ለምርመራው በተጋበዙት መካከል በበሽታው መያዝ በ23 በመቶ፣ በበሽታው መሞት በ31 በመቶ ቀነሰ። እንግሊዝ ይህንኑ ምርመራ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ55 ዓመት ሰዎች ስትሰጥ ቆይታ በ2021 እ.ኤ.አ. አቋርጣዋለች። አትኪን በ2018 እ.ኤ.አ. አርፋለች።

ይህን የማነሣው የብልቃጧን ድክመት ስለሚያሳይ ነው። ምርመራው የሚፈልገው ደም ነው፤ የማይደማ ፖሊፕ ሊያመልጠው ይችላል፤ በየሁለት ዓመቱ መደገሙም ለዚህ ነው። እንግሊዝ ስትጀምር ለተጨማሪ ምርመራ የሚያስጠራውን መጠን በአንድ ግራም ሰገራ 120 ማይክሮግራም ሄሞግሎቢን አደረገችው፤ ስኮትላንድ ግን በ80 ጀመረች። መጠኑ ዝቅ ባለ ቁጥር ለኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በሙሉ ካሜራ ባለው ቱቦ ለማየት) የሚጠራው ሰው ስለሚበዛ ሐኪምና አልጋ ይጠይቃል፤ ያም ሆኖ በእኔ ግምት 120 ከፍተኛ ነው። ከ100 ተመርማሪዎች 98 ያህሉ ተጨማሪ ምርመራ አያስፈልጋችሁም ተብለው ይሸኛሉ፤ ይህ መልስ ግን ካንሰር የለም የሚል ማረጋገጫ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

በእኛ ማኅበረሰብ ደም ከሰገራ ጋር ሲታይ «ኪንታሮት ነው» ተብሎ በዝምታ ይታለፋል። ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ይህ መመርመሪያ የተዘጋጀው ምንም ምልክት ለሌለው ሰው ስለሆነ፣ ደም ያየ ሰው ፖስታ ሳይጠብቅ ወደ ሐኪሙ መሄድ ይኖርበታል።

ከ74 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ፖስታው በራሱ አይመጣም፤ ደውለው ሲጠይቁ ግን ይላክላቸዋል። ለ76 ዓመቷ እናቴ ያዘዝነው በዚህ መንገድ ነው። መመሪያው በሥዕል የተደገፈ በመሆኑ ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ተርጉሜላት ሌላውን በሯን ዘግታ ራሷ ጨረሰች። ለእኔ የተረፈኝ ሥራ ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር መጻፍ ብቻ ነበር።