ለቪትዝና ለሚኒባስ ሞተር የሚሸጡ ጋስኬትና ሲልከን፦ የቱ የት ይሆናል?

ከሱማሌ ተራ (የአዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ገበያ) ሙሉ የሞተር ጋስኬት (በሁለት ክፍሎች መካከል ገብቶ የሚያሽግ) ሲገዛ ሲልከንም አብሮ መግዛት ልማድ ነው። ጋስኬቶቹ ደህና ከሆኑ ግን የቱቦው ሩብ ይበቃል። ችግር የሚያመጣው ቀሪው ሦስት ሩብ ነው። ቡሎን ሲጠብቅ ወደ ውስጥ የተገፋ ሲልከን ተቆርጦ ዘይት መምጠጫው ወንፊት ላይ ይለጠፋል፣ የዘይት ግፊት ይወርዳል፣ ብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ማረፊያ) ይበላል።

ከሁሉም በላይ ገንዘብ ማውጣት የሚገባው የቴስታታ (ብሎኩን ከላይ የሚዘጋው የሞተር ራስ) ጋስኬት ላይ ነው። ተደራራቢ ብረት የሆነው ጠንካራና ዕድሜው ረጅም ነው፤ ግን ሸካራ ፊት አይወድም። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ተልጎ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ከቀረበት፣ ውድ ጋስኬትም ውሃ ያሳልፋል። ግራፋይት ያለበት ለእንዲህ ያለ ፊት ይቅር ባይ ነው። የ1ኤንዜድ (በአንዳንድ ቪትዝ ላይ ያለው የቤንዚን ሞተር) ቴስታታ መጣመም ከ0.05 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም፤ ቀጥ ያለ ማስመሪያና ፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ ቀጫጭን ምላጮች) ለዚህ ይበቃሉ። ቡሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር በቅደም ተከተል 29 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ ይዞራሉ። ብሎኩ ላይ የቡሎን ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ ግን ቡሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መሄጃ ያጣና ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል።

በሚኒባሶቹ 5ኤል ናፍጣ ሞተር ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ውፍረቱን ነው። ጋስኬቱ ቢ፣ ዲ እና ኤፍ ተብሎ በሦስት ውፍረት ይሠራል። ምርጫው የሚወሰነው ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ወጥቶ እንደሚቆም በዳያል ጌጅ (ባለ ሰዓት መለኪያ) ተለክቶ ነው። «ያው ነው» ተብሎ ወፍራሙ ከገባ መጭመቂያው ይቀንስና ጠዋት ለማስነሳት ያስቸግራል፣ ነጭ ጭስም ያወጣል። ቀጭኑ ያለቦታው ከገባ ደግሞ ፒስተን ከላይ ሊመታ ይችላል። ያለ ልኬት የሚሸጥ ሻጭ እየገመተ ነው።

የቴስታታ ጋስኬት ላይ ሲልከን መቀባት? አይደረግም። 1ኤንዜድ ላይ ሲልከን የሚፈለገው የታይሚንግ ሽፋኑ ከብሎክና ከቴስታታ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን፣ በራሱ በሽፋኑ ዙሪያና በዘይት ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ዘይት የሚይዘው ሳህን) ላይ ነው።

ሲልከን ሲመረጥ ቀለም አያታልል፤ ቀለሙ በየአምራቹ ስለሚለያይ ጽሑፉ ይነበብ። ፐርማቴክስ አልትራ ብላክ ለአጭር ጊዜ እስከ 260 ዲግሪ፣ አልትራ ኮፐር እስከ 371 ዲግሪ ሴልሺየስ ይችላሉ። ለኮፓ ጥቁሩ ይበቃል። የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ ላይ ግን የትኛውም ሲልከን አይቆይም፤ የብረት ጋስኬት ያስፈልጋል። ሲከፈት ኮምጣጤ የሚሸት ሲልከን ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት ነው፤ አሲዱ ብረት ያዝጋል፣ ኦክስጅን ሴንሰርንም ሊያበላሽ ይችላል።

ኮፓ ሲገጠም የድሮው ቅሪት በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሳል። በግራይንደር የአሸዋ ወረቀት መፋቅ አሉሚኒየሙን ያጎደጉዳል፣ ብናኙም ብሮንዚን ይገባል። በቤንዚን ብቻ ማጽዳትም የቅባት ፊልም ሊተው ስለሚችል በብሬክ ክሊነር ይጠረጋል። ከዚያ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ያልተቋረጠ መስመር ከቡሎን ቀዳዳ ወደ ውስጥ በኩል ይዘረጋል። ኮፓው በ3 ደቂቃ ውስጥ መግባት አለበት፤ ዘይት ከ2 ሰዓት በፊት አይሞላም። ሲልከን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት ወስዶ ስለሆነ በበጋው ደረቅ ወር አዲስ አበባ ላይ ይዘገያል፤ መኪናው ቢያድር ይሻላል።

የላይኛው ሽፋን ጎማ ላይ ርካሹ ቶሎ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ሻማ ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ቡሽ ያለበት የድሮ ሞተር ላይ ደግሞ ከመጠን በላይ ማጥበቅ ቡሹን ይሰነጥቀዋል። ለውሃ ፓምፕና ለቴርሞስታት የወረቀት ጋስኬት ደህና ነው፤ ከጫማ ካርቶን የተቆረጠው ግን ውሃ ሲነካው ይሟሟል።

ቱቦው ጭራ ላይ ያለው ቀን ያለፈ ሲልከን ላይደርቅ ይችላል። ጥርጣሬ ካለ ጠብታ ወረቀት ላይ ይደረግ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ አሁንም ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ሞተሩ ላይ አይሂድ።