የኮሮላዬ የቀኝ አክስል ቅየራ፦ ጎተራ አካባቢ ባለ ጋራዥ ያገኘሁት አገልግሎት

መኪናዬ በፈረንጆቹ 2004 የተሠራች፣ ማርሿ በእጅ የሚቀየር ቶዮታ ኮሮላ ናት። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ ከቆምኩበት ስወጣ ከቀኙ የፊት ጎማ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ መስማት ከጀመርኩ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ መኪናዋን በክሪክ እንኳ ሳያነሣ ሁለቱም አክስሎች (ኃይልን ከካምቢዮው ወደ ፊት ጎማዎች የሚያደርሱት ዘንጎች) መቀየር አለባቸው ስላለኝ አመስግኜ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሄድኩበት፣ ጎተራ አካባቢ ስላለው አነስተኛ ጋራዥ ነው።

እዚህ መካኒኩ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ራሱ መሪውን ይዞ በግቢው ውስጥ ወደ ግራም ወደ ቀኝም በዝግታ መዞር ነበር። ሲታጠፍ ብቻ የሚሰማ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ጎማው አጠገብ ካለው የውጭ ሲቪ ጆይንት (አክስሉ እየታጠፈም እንዲሽከረከር ከሚያደርገው መገጣጠሚያ) ሲሆን፣ ነዳጅ ሲረገጥ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ደግሞ ካምቢዮው አጠገብ ያለውን የውስጡን እንደሚያስጠረጥር አስረዳኝ። ጎማውን ሲያወልቅ የቸርኬው የውስጥ ገጽ በጠቆረ ግራሶ ተረጭቶ አየሁ፤ የጆይንቱን ግራሶ የሚሸፍነው ላስቲክ በአንደኛው እጥፋት ላይ ዙሪያውን ተቀዶ ነበር። ከግራሶው ጥቂት በጣቱ ወስዶ «ይዳስሱት፣ አሸዋ ገብቶበታል» አለኝ። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ሳሸው የአሸዋው መኮርኮር በግልጽ ይሰማ ነበር። በውጭው ጆይንት ውስጥ ስድስት የብረት ኳሶች በተቦረቦሩ መንገዶች ላይ እየተንሸራተቱ ጎማው ሲታጠፍም ኃይሉን እኩል ያስተላልፋሉ፤ ላስቲኩ ተቀዶ ግራሶው ወጥቶ አቧራ ከገባ ግን ኳሶቹም መንገዶቹም ይበላሉ፤ ያን ጊዜ አዲስ ግራሶ መሙላት የተበላውን ብረት አይመልሰውም።

ዕቃውን ራሴ እንድገዛ ስለፈቀዱልኝ የወለቀውን አክስል ይዤ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ወደ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። አሮጌውን ይዞ መሄድ እጅግ ይጠቅማል፤ በኮሮላ ካምቢዮው በግራ በኩል ስለሆነ የቀኙ አክስል ከግራው ይረዝማል፣ የጫፉ ጥርሶችም ቁጥር መግጠም አለበት፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ላለው መኪና ደግሞ በጆይንቱ ላይ ጥርሳም ቀለበት መኖሩ መረጋገጥ አለበት። አዲስ ኮፒና ያገለገለ ኦሪጅናል ጎን ለጎን ቀርቦልኝ ያገለገለውን መረጥኩ፤ መካኒኩም የውጩን ጆይንት ፈትቶ፣ በቤንዚን አጥቦ፣ ኳሶቹ የሚሄዱበት መንገድ አለመቦርቦሩን አሳይቶኝ አዲስ ላስቲክና ግራሶ አስገባለት። በእኔ እምነት ተፈትቶ የታየ ያገለገለ ኦሪጅናል ማን እንደሠራው ከማይታወቅ አዲስ ኮፒ ይሻላል፤ ሳይፈተሽ የተገዛ ያገለገለ ዕቃ ግን እንዲያ አይደለም።

ሥራውን ቆሜ ተከታትየዋለሁ። በ30 ቁጥር ቡሶላ መፍቻ የሚፈታውን የአክስሉን ዳዶ የፈቱት ጎማው ገና መሬት ላይ እያለ፣ ፍሬን አስረግጠው ነው። የካምቢዮውን ዘይት አወረዱ፤ ከዚያም የታችኛውን ቴስቲና (የኳስ መገጣጠሚያውን) ከብራቾው (ጎማውን ከሚይዘው ክንድ) ለይተው አክስሉን ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት ማዕከል) አወጡ። ሞዞውን ወደ ጎን ሲስቡት የፍሬኑ ላስቲክ ቱቦ እንዳይወጠር አንዱ ልጅ በእጁ ደግፎ መያዙን ሳይ ደስ አለኝ። ካምቢዮው ላይ ያለውን ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋውን ቀለበት) ሳይጠየቁ በአዲስ ቀየሩት፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ አሮጌው ከተተወ ግን ዘይት ቢያንጠባጥብ ሥራው ሁሉ እንደገና ይደገማል። ዳዶውንም በአዲስ ተክተው በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) እስከ 216 ኒውተን ሜትር አጠበቁት፤ ከንፈሩንም በአክስሉ ቦይ ውስጥ ጎንበስ አድርገው ቆለፉት። ይህ ዳዶ በግምት ከታሰረ ኩሽኔታው ይጎዳልና ለእኔ የዚህ ጋራዥ ትልቁ ብልጫ ይህ ነው።

ቅር ያሰኘኝ ነገር አለ። ለስድስት ሰዓት ቀጠሮ ተሰጥቶኝ መኪናዬን የተረከብኩት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲሆን፣ መዘግየቱንም የነገረኝ ሰው አልነበረም። የጎማውን ብሎኖችም መጀመሪያ በአየር መሣሪያ ብቻ አጥብቀው ሊያስረክቡኝ ነበር፤ ስጠይቃቸው ያለ ክርክር በቶርክ ሬንች ወደ 103 ኒውተን ሜትር አስተካከሉት፣ ግን ሳይጠየቁ ሊያደርጉት ይገባ ነበር። የእጅ ዋጋው 3,000 ብር ሆኖ አስቀድሞ የተነገረኝ ነው፤ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ያስፈልግ እንደሆነ ስጠይቅም የመሪው ዘንግ ስላልተነካ አያስፈልግም ብለው ከአላስፈላጊ ወጪ አድነውኛል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ወር ነድቻታለሁ። መሪው እስከ ጫፍ ሲዞር ድምፅ የለም፣ ካምቢዮው ሥር ያነጠፍኩት ካርቶንም ደረቅ ነው። የግራው ላስቲክ ግን እጥፋቱ ላይ መሰነጣጠቅ ጀምሯል፤ አክስሉ ገና ጤነኛ ሳለ ላስቲኩን ብቻ ለማስቀየር ለሚቀጥለው ማክሰኞ እዚያው ቀጠሮ ይዣለሁ።