ቶግሉ በላሜራ የተበየደ ክሬሸር እንዳትገዙ

ያገለገለ ክሬሸር፣ ማለትም የድንጋይ መፍጫ ማሽን፣ ለመግዛት ቀብድ ልትከፍሉ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ፣ ብሩ ከእጃችሁ ሳይወጣ ይህችን አንብቧት። በተለይ በአፉ ልክ በሚሊሜትር 400 በ600 የሚባለውንና “ሙሉ ኦቨርሆል (እድሳት) የተደረገ” እየተባለ በደላላ የሚዞረውን ጃው፣ በመንጋጋ ድንጋይ የሚሰብረውን ክሬሸር፣ የምታዩ።

በቅርቡ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ካባ (ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ) የቆመ ክሬሸር እንዳይ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ባለቤቱ ከገዛው ወር እንኳ አልሞላውም። የኤክስካቫተሩ የባኬት ጥርስ ተነቅሎ ከድንጋዩ ጋር ገብቷል። እስከዚህ ድረስ ምንም አዲስ ነገር የለውም፤ ካባ ላይ የሰራ ሁሉ ያውቀዋል። ጥርስ ይገባል፣ የድሪል ቢት ይገባል፣ የመዶሻ ራስ ይገባል። የገረመኝ ጉዳቱ ነው። ዘንጉ ጎብጧል፣ የኩሽኔታው ቤት ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁም ወደ ፍሬሙ ወርዷል። ቶግል ፕሌቱ ግን ጭረት እንኳ አልነካውም። መጀመሪያ መሰበር የነበረበት ደግሞ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶግል ፕሌት የሚንቀሳቀሰውን መንጋጋ ከኋላ ደግፎ የሚይዝ ሰሌዳ ነው። ከጊዛ፣ በቀላሉ ከሚሰበር የተቀዳ ብረት፣ የሚሰራውም ሆን ተብሎ ነው፤ የማይፈጭ ነገር መንጋጋው መሀል ሲቀረቀር እሱ ተሰብሮ ይወድቃል፣ ጉልበቱ ወደ ዘንጉና ወደ ፍሬሙ ሳይሄድ ይቀራል። ሌላ ሰሌዳ ገጥሞ ሥራ መቀጠል ይቻላል። እዚህኛው ማሽን ላይ ሻጩ ጊዛውን አውጥቶ ወፍራም ላሜራ ደራርቦ በይዶ ገጥሞበታል። የተቃጠለ ፊውዝ በመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ እንደመመለስ ማለት ነው። ለምን እንዳደረገው አይጠፋኝም፤ ገዢ ፊት ሲያስነሳው ቶግል ቢሰበርበት ገበያው ይበላሽበታል። ደላላውማ “ይሄኛው አይሰበርም” ሲል እንደ ምርቃት ነው የሚያወራው።

ለማወቅ ብዙ አይፈጅም። ማሽኑ ሲቆምና መብራቱ ከዋናው ሲቋረጥ ወደ ኋላ ዞራችሁ ባትሪ አብሩበት። ጠርዙ ላይ የብየዳ መስመር ካለ በቃ፣ አልቋል። ቀለም ደርበው ከደበቁት በመዶሻ ቀለል አድርጋችሁ ምቱት፤ ጊዛ የታፈነ ድምፅ ነው የሚሰጠው፣ ላሜራ ይጮሃል። አሁንም ካልጠራላችሁ ግራይንደር ጫፉን ነካ ያድርገው። የጊዛ ብልጭታ አጭርና ቀላ ያለ ነው፤ የላሜራው ረጅምና ደማቅ ሆኖ ይወረወራል። ሻጩ “አትንኩት” ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ሁለተኛው ማታለያ ከድንጋዩ መሀል ብረት እንዲለቅም የሚሰቀለው ማግኔት ነው። “ማግኔት ስላለው ብረት አያስገባም” ይሏችኋል፤ ምስማር አንስተውበት ያሳዩዋችኋል። ማግኔቱ የሚሰቀለው ከጃው በኋላ ጠጠሩን በሚያጓጉዘው ቺንጋ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጃውን ራሱን ከምንም አያድነውም፣ የሚጠብቀው ቀጥሎ ያለውን፣ ጠጠሩን ይበልጥ የሚያደቅቀውን ሁለተኛ ክሬሸር፣ ኮኑን ነው። ምስማር ማንሳት ሌላ፣ ጠጠር ስር ተቀብሮ ከሚሄድ ቺንጋ ላይ የባኬት ጥርስ መንጭቆ ማውጣት ሌላ። በዚያ ላይ ተሰብሮ ወደ ኮን የሚሄደው የራሱ የጃው ፕሌት (መንጋጋው ላይ የሚታሰረው መፍጫ ሰሌዳ) ስባሪ ሲሆን ማግኔት ጭራሽ አይዘውም። ጃው ፕሌት የሚቀዳው ከማንጋኒዝ ብረት ነው፤ ሮበርት ሃድፊልድ የሚባል እንግሊዛዊ በ1882 እንደ ፈረንጆቹ ያገኘው፣ 12 በመቶ ገደማ ማንጋኒዝ ያለው፣ ማግኔት የማይስበው ብረት። እሱን የሚለየው ሜታል ዲቴክተር ነው። ስትገዙ አሮጌ የጃው ፕሌት ስባሪ ይዛችሁ ሂዱና ማግኔቱ ላይ አስጠጉት። የሻጩን ፊት እዩ።

ኮን የምትገዙ ደግሞ በሞላ (ስፕሪንግ) የሚሰራ ከሆነ የሞላው ጥምዝምዞች እርስ በርስ እስኪነካኩ ድረስ ጠብቆ የታሰረ እንዳይሆን እዩ፤ ሞላው ከዚያ ወዲያ የሚጨመቅበት ቦታ ከሌለ ብረት ሲገባ ላይኛው ክፍል ተነስቶ አያሳልፈውም። የሃይድሮሊክ ከሆነ የአኩሙሌተሮቹን፣ ግፊቱን የሚያለዝቡትን የጋዝ ጠርሙሶች፣ ናይትሮጅን በጌጅ አስለኩ። የዘይት ግፊቱ ብቻ ምንም አይነግራችሁም።

ካባው ላይ ያገኘሁት የዚያ ገዢ ውል ላይ ምን ተጽፎ ነበር መሰላችሁ? “ባዕድ ነገር ገብቶ ለሚደርስ ጉዳት ዋስትናው አያገለግልም።” ባዕድ ነገር ገብቶ እንዳይጎዳ የተሰራውን ክፍል ሻጩ ራሱ አውጥቶታል፣ ጉዳቱን ግን ለገዢው አሸክሞታል። ድፍረት እኮ ነው! ሲደወልለትም ያነበበው ያንኑ መስመር ነው።

የሸማቾች ጥበቃ ይደርስልኛል ብላችሁ እንዳትዘናጉ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፤ ጠጠር አምርታችሁ ልትሸጡ ክሬሸር ስትገዙ በዚያ ውስጥ አትገቡም። የሚቀራችሁ ውላችሁና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እሱም ገዢ ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ቶሎ እንዲያሳውቅ ይጠብቃል። ስለዚህ “ቶግል ፕሌቱ የፋብሪካው ጊዛ ነው” የሚለው ውሉ ውስጥ ይግባ፤ ርክክብ ላይ ፎቶ አንሱ፣ ጉድለት ስታዩ በጽሑፍ አሳውቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ከብርም በላይ ስለሆነ። ሻጩ ለኦፕሬተሮቹ “ብረት ሲቀረቀር በባኬቱ ነቅንቁት፣ ካልሆነ ከላይ ቆማችሁ በመዶሻ ምቱት” ብሏቸው ነበር። በፍጹም! መንጋጋው የያዘው ብረት ተወጥሮ ነው የሚቆመው፤ ሲለቅ እንደ ጥይት ይወጣል፣ የቆመውን ሰው ይገድላል። መብራቱን ከዋናው አጥፉ፣ ማብሪያውን ቆልፉና ቁልፉን የሚገባው ሰው ኪሱ ይያዝ። ቮላኖው፣ ከባዱ ተሽከርካሪ ጎማ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ጠብቁ፣ ከአፉ ላይ ሰው አርቁ። ከዚያ የማሽኑን ማንዋል የሚያውቅ መካኒክ ውጥረቱን ከኋላ፣ ከቶግሉ በኩል ያላላው።