የሞንጎሊያ ሻማኖች፦ ከበሮው ወይስ አማን ኹር?

ሻማን በሥርዓት ከመናፍስት ጋር የሚገናኝ ሰው ነው። የሞንጎሊያ ሻማኖችን ሙዚቃ መስማት የጀመረ ሰው ከየቱ ይነሳ፣ ከከበሮው ወይስ አፍ ላይ ተይዛ ከምትመታው መሣሪያ ከአማን ኹር? ሁለቱንም እወዳለሁ፣ ግን ሥራቸው ለየቅል ነው።

ከበሮው ሰፊ ክብ ነው፣ ቆዳ የተወጠረበት በአንድ ወገን ብቻ። ለሻማኑ ግን ከመሣሪያ በላይ ነው፤ ወደ መናፍስት ዓለም የሚጋልበው እንስሳ እሱ ነው፣ መምቻው ደግሞ አለንጋ። ከሥርዓቱ በፊት ቆዳው እሳት ዳር ይሞቃል፣ ምክንያቱም ከላላ ድምፁ ይፈዛል። ጉልበት ይጠይቃል፣ ቦታም ይይዛል።

አማን ኹር ኪስ ውስጥ ትገባለች። ትንሽ የብረት ክፈፍ ናት፣ መሃሏ ላይ ምላስ የመሰለ ቀጭን ብረት አለ። ጥርስ ላይ አስደግፈው ምላሷን በጣት ይመቷታል፣ ድምፁን የሚቀርጸው አፍ ነው። በሰሜን ሞንጎሊያ በኹቭስጉል አካባቢ ያሉ የዳርኻድ ሕዝብ ሻማኖች እሷንም ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መንግሥት ሻማኖችን ሲያሳድድ ያን የሚያክል ከበሮ መደበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት፣ እሷን ግን እጅጌ ውስጥ መሸጎጥ ይቻላል።

ራሳችሁ መሞከር ካማራችሁ አማን ኹርን ያዙ፣ ጥርሳችሁን ግን ጠብቁ። ሥርዓቱን መረዳት ከሆነ ፍላጎታችሁ ከበሮውን ስሙ፣ በተለይ ምቱ እየፈጠነ ሲሄድ። የሻማን ከበሮ ስታገኙ ሳይፈቀድላችሁ አትንኩት።