ጋሼ፣ ባትሪውንም ልጁንም አተረፉልኝ

ሰላም የባህር ዳር ሰዎች፣ በተለይ ጣና ላይ በጀልባ እንጀራ የምትበሉ። አንድ ባለሙያ ማመስገን አለብኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላስማሉኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው።

እንግዳ የማመላልስባት አንዲት የፋይበር ጀልባ አለችኝ። ዘጌ ደርሶ መልስ ከሆነ ሞተሩ ረጅም ሰዓት ስለሚሠራ ባትሪ አያስቸግርም። የሚገድለው አጭሩ መንገድ ነው። ደብረ ማርያም፣ ከዚያ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጋ ጉማሬ ፍለጋ፣ ከዚያ መመለስ። ሞተሩ በየቦታው ይጠፋል፣ እንደገና ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው) ይመታል። ቴፑ ይጮኻል፣ እንግዶች ስልክ ይሰካሉ፣ ውሃ መጣያው ፓምፕ ይሠራል። ባትሪውን የምትሞላው ዲናሞ የወጣውን ሳትተካ ይመሻል። ስለዚህ ማታ ማታ ከዳር ካለው ሶኬት መብራት ስበን ቻርጅ እናደርጋለን።

እንዲህ እያደረግን በሁለት ዓመት ሦስት ባትሪ ጣልኩ። ሻጩን ነበር የምረግመው። ይቅር በለኝ ወንድሜ።

ጋሼን የጠራኋቸው ግን ለባትሪው አልነበረም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አንድ ማታ ጀልባዋን ሲያጥብ፣ እግሩ ውሃ ውስጥ፣ እጁ የብረት መደገፊያው ላይ እያለ "ነዘረኝ!" ብሎ ጮኸ። ሳቅንበት። በማግስቱ እኔንም ነዘረኝ። ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ።

ጋሼ ጠዋት 2 ሰዓት እመጣለሁ ብለው 5 ሰዓት መጡ። ቀጠሮ ላይ ደካማ ናቸው፣ አልዋሽም። ባትሪውን ዞር ብለው እንኳ አላዩም። በቀጥታ ሶኬቱን በካቻቢቴ ፈቱት። ከኋላው ሁለት ሽቦ ብቻ። የኧርዙ (ያፈሰሰውን መብራት ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) ቦታ ባዶ ነው። ማርዘሚያችን እንደ ክር የቀጠነ፣ መሃሉ በናስትሮ የተጠጋገነ፣ ትርፉ እንደ ጥምጥም ተጠቅልሎ የሚያድር ነበር። ማታ ማታ እንደሚሞቅ አውቅ ነበር፤ የሁሉም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ቻርጀሩን ሲከፍቱት ደግሞ አንዱ ሽቦ ልጣጩ ተበልቶ ቆርቆሮውን ይነካል። ቆርቆሮው በብሎን ከጀልባዋ ብረት ጋር ታስሯል። ማን እንደገጠመልን አልናገርም።

ጋሼ ካቻቢቴውን አስቀምጠው፣ "ልጄ፣ ባትሪህን ተወው፤ ሰው ልትገድል ነበር" አሉኝ።

ያኔ የነገሩኝን ሁላችሁም ብትሰሙት ደስ ይለኛል። ጣና ጨው የለውም። እንዲህ ያለ ውሃ መብራትን የማስተላለፍ አቅሙ ከሰው ገላ ያነሰ ነው። ከጀልባ ወደ ውሃ መብራት ካፈሰሰ በአካባቢው የሚዋኝ ሰው ይበልጥ የሚቀለው መንገድ ይሆንለታል። ጡንቻው ይጨመደዳል፣ መዋኘት ያቅተዋል፣ ይሰጥማል። ውጭ ያለው ሰው የሚያየው ሲሰጥም ብቻ ነው። እኔ ደግሞ እዚያው ቻርጅ እያደረግኩ ስንት ቀን ልጆች ሲዋኙ ቆሜ አይቻለሁ።

ኧርዝ ሳይገባ ሌላውን አልነካም አሉ። ረጅም የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀበሩ። 30 ሚሊ አምፔር ብቻ ካፈሰሰ ራሱ መብራቱን የሚያቋርጥ ብሬከር ገጠሙ። ወፍራም ባለ ጎማ ኬብል አስገዙኝ። ከዚያ ምሰሶው ሥር ቆመው ሐይቁን ሐይቁን እያዩ፣ "በመስከረም ውሃው እስከየት ይመጣል?" ሲሉ ጠየቁኝ። በእጄ አሳየኋቸው። ሶኬቱን ከዚያ በላይ አድርገው ሰቀሉት። ኬብሉንም ውሃው ሲሞላም ሲጎድልም እንዳይወጠር ላላ አድርገው አሰሩት። የመጀመሪያው ገጣሚያችን በግንቦት መጥቶ ስለነበር ሶኬቱን የሰቀለው ጉልበት ላይ ነበር።

ባትሪው ላይ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ሞርሴቶውን (ሽቦው ባትሪው ላይ የሚታሰርበትን) ፈትተው ነጭ ዝገቱን ጠረጉ፣ ክዳኖቹን ከፍተው አሳዩኝ። ውሃው በውስጡ ያሉትን የእርሳስ ሳህኖች ጥሎ ወርዷል። የድሮው ቻርጀር መቆም አያውቅም፤ ባትሪው ሞልቶም ሌሊቱን ሙሉ ሲያፈላው ያድራል። አዲሱ እስከ 14.4 ቮልት ይወጣና ሲሞላ ራሱ ወደ 13.5 ገደማ ይወርዳል። ባለ 20 አምፔር ነው። ለሁለት ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ አይበዛም አያንስም። በቴስተር ማንበብም አስተማሩኝ። ቻርጀሩ ተነቅሎ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.7 ካነበበ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው፣ ከዚያ በታች አታውርደው አሉኝ። እኔ እኮ ሞተሪኖው ቀጭ ቀጭ እስኪል ነበር የምጠብቀው።

አሰካኩም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ኬብሉ ጀልባዋ ላይ፣ ቀጥሎ ዳር ላይ፣ ብሬከሩ መጨረሻ። ሲነቀል ብሬከሩ ጠፍቶ ከዳር ይጀመራል። የባትሪው ሳጥን ክዳን ክፍት ይሁን፤ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ልጁ ይህን በቀይ ቀለም ጽፎ መሪው አጠገብ ለጥፎታል። "ብሬከር" የሚለውን ስቶ "ብሬክ" ብሎ ጽፏል፤ ይሁን።

ይኸው ክረምቱን ሙሉ ቆመን በመስከረም ስንነሳ በአንድ ምት ተነሳች። የከፈልኩት ለኬብሉና ለቻርጀሩ ጨምሮ ከጣልኳቸው ሦስት ባትሪዎች ዋጋ ያነሰ ነው። ርካሽ ናቸው ግን አልልም። ዋጋ ሲነገራችሁ አትከራከሯቸው፣ ዕቃቸውን ሰብስበው ይሄዳሉ።

ጋሼን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ወር በገባ በ19 ግን አትጠብቋቸው። ክብራን ገብርኤል ናቸው፤ የሚያደርሳቸውም እኔ ነኝ።